ትራያምፍ ቲአር4ኤ፦ ፍሬን ከማሻሻል በፊት ምን ይመርመር? ኦቨርድራይቩስ ሲሞቅ ለምን ይዘገያል?

ባለ ቲአር፣ ሸፊልድ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የድሮ መኪና ወዳጆች። በ1966 የተሠራች ትራያምፍ ቲአር4ኤ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አለችኝ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኦቨርድራይቯ (መኪናዋ ፍጥነቷን ሳትቀንስ ሞተሩ በዝግታ እንዲዞር ከካምቢዮው ኋላ የሚጨመረው ማርሽ) ኤ ዓይነት የሚባለው የሌይኮክ ፋብሪካ ሥራ ሲሆን በ2ኛ፣ በ3ኛና በ4ኛ ማርሽ ይገባል። ሁለት ችግሮች አሉብኝ። አንደኛው የፍሬን ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ረጅም ርቀት ወርዶ፣ ወዲያው ለቅቄ ደግሜ ስረግጠው ከፍ ብሎ መጠንከሩ ነው፤ ይህ ከሸፊልድ ወደ ማንቸስተር በሚያሻግረው ጠመዝማዛው የስኔክ ፓስ መንገድ ላይ ይብሳል። ሁለተኛው ኦቨርድራይቩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ወዲያው እየገባ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ ግን ጥቂት ሰከንዶች መዘግየቱ፣ አንዳንዴም ጨርሶ እምቢ ማለቱ ነው።

ሐሳቤ ከቶዮታ የሚመጣውን ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር (የፍሬን ሸራዎቹን በዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል) ገጥሜ፣ የእግርን ግፊት የሚያግዝ የቫኩም ሰርቮ ጨምሬ፣ የፍሬን ዘይቱን በሲሊኮን ለውጬ፣ በመጨረሻም ካምቢዮውን ከነኦቨርድራይቩ አውርጄ በባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ መተካት ነበር። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ከየትኛው እንድጀምር ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ፍሬን ሠሪው፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ካሊፐር ለመግዛት አይቸኩሉ። የገለጹት ምልክት ራሱ መንገዱን ያሳያል። በፍሬን መስመሩ ውስጥ አየር ቢኖር ኖሮ ፔዳሉ የተነፋ ነገር እንደመርገጥ ይለሰልስ ነበር እንጂ በሁለተኛው ርግጫ እንዲህ ከፍ ብሎ ድርቅ አይልም። የመጀመሪያው ርግጫ ዘይት የሚገፋው ባዶ ክፍተት ለመዝጋት ነው፤ ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ሁለተኛው ርግጫ በትክክል ይይዛል። እንግዲህ ጥያቄው ክፍተቱ የት ነው የሚለው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የኋላውን ታምቡር ይመልከቱ። በእርስዎ መኪና ላይ የኋላው ፍሬን ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ራሱን አያስተካክልም፤ ከጀርባው ሳህን ላይ ባለው ባለ አራት ማዕዘን ማስተካከያ በእጅ መጠበቅ አለበት። ጎማው እስኪቆም ድረስ አጥብቀው፣ ፔዳሉን ረግጠው ሸራዎቹን ካማከሉ በኋላ፣ ጎማው በነፃነት እስኪዞር ብቻ ያላሉት። የእጅ ፍሬኑን ገመድ በመሳብ ይህን ሥራ ለመተካት የሚሞክሩ ብዙዎች ናቸው፤ ገመዱ ሲወጠር ግን ሸራዎቹ ወደ ትክክለኛ ማረፊያቸው ስለማይመለሱ ማስተካከያው ሁሉ ይበላሻል። ገመዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው።

ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚብሰው ግን ከፊት የሚመጣ ይመስለኛል። መኪናዋ ስትታጠፍ የፊት ጎማው ኩሽኔታ ከላላ፣ ወይም ጎማውን የሚሸከመው አጭር አክስል በጥቂቱ ከተለመጠ፣ ዲስኩ ወደ ጎን ይዘነበልና ሸራዎቹን ከነፒስተኖቻቸው ወደ ካሊፐሩ ውስጥ ይገፋቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ርግጫ ፒስተኖቹን ወደ ቦታቸው በመመለስ ብቻ ያልቃል። የቲአር መኪናዎች አክስል በዚህ ይታወቃል፤ በሁለት ፒስተን ፋንታ ሃያ ቢገጠም እንኳ ኩሽኔታው ካልተስተካከለ ነገሩ አይለወጥም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፔዳሉ ደህና ከሆነና ከተከታታይ ኩርባዎች በኋላ ብቻ ከወረደ፣ ኩሽኔታውን ፈትቶ ማየትና በመመሪያው መሠረት ማጥበቅ፣ ዲስኩ ሲዞር የሚወላገድ መሆኑንም በመለኪያ ሰዓት ማረጋገጥ ይገባል።

ሦስተኛው የጎማ ቱቦዎቹ ናቸው። የፍሬን ቱቦ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ዘይቱ በግፊት ያልፋል እንጂ ተመልሶ አይወጣም፤ አንዱ ጎማ እየተያዘ ይግላል፣ መኪናዋም ወደ አንድ ወገን ትስባለች። ዕድሜያቸውን የማያውቁትን ቱቦ ሁሉ መለወጥ ከማንኛውም ማሻሻያ ይቀድማል። በሥራው ላይ አንድ አደራ አለኝ፦ የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር ግፊት አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

የዘይቱ ነገር ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። ዶት 4 የሚባለው የተለመደው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ የውኃው መጠን ወደ 3.7 በመቶ ሲጠጋ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ውኃ አይስብም፣ ቀለምም አይልጥም፤ ለዓመታት ቆማ ለምትውል መኪና ጥሩ ነው። ነገር ግን ጥቃቅን የአየር አረፋ በቀላሉ ይይዛል፣ ፔዳሉንም ያለሰልሳል፣ ከአሮጌው ዘይት ጋር ሊደባለቅ ስለማይገባም ጎሚኒዎቹን ሁሉ መለወጥና መስመሩን ፈጽሞ ማጽዳት ይጠይቃል። ተራራ ለሚያቋርጥ መኪና እኔ ዶት 4ን እመርጣለሁ። ዶት 5 እና ዶት 5.1 በስም ቢቀራረቡም 5.1 የዶት 4 ወገን እንጂ ሲሊኮን አለመሆኑን ሲገዙ ያስተውሉ።

ካምቢዮ ሠሪ፣ በርሚንግሃም

ስለ ፍሬኑ ከላይ የተባለው ይበቃል፤ እኔ ስለ ኦቨርድራይቩ ልናገር። ባለ አምስት ማርሹን ካምቢዮ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባዎታል። የኤድጋር ደ ኖርማንቪል ሐሳብና የሌይኮክ ፋብሪካ ሥራ የሆነው ይህ ዕቃ የተሠራው እርስዎ በሚኖሩበት በሸፊልድ ከተማ ነው፤ በትክክል ከተያዘም ከካምቢዮው ሊያረጅ የሚዘገይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ ትናንሾቹን ተሽከርካሪ ማርሾች የተሸከመውን ክፍል ያዞራል፤ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ከውጩ ቀለበት ማርሽ ጋር የተያያዘ ነው፤ የመሃሉ ማርሽ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ ከሚንሸራተት ሾጣጣ ፍሪሲዮን ጋር ይሄዳል። ኦቨርድራይቩ ባልገባበት ጊዜ ሞላዎች ሾጣጣውን ከቀለበቱ ጋር ያጣብቁታል፣ ሁሉም እንደ አንድ አካል ይዞራል። ሞተሩ ሲገፋ ኃይሉ የሚያልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዘው ባለ ሮለር ፍሪሲዮን ነው፤ ነዳጅ ሲለቀቅ ሞተሩ መኪናዋን የሚይዝበት ኃይልና የኋላ ማርሹ ኃይል የሚያልፉት ግን በሾጣጣው በኩል ነው። ማብሪያው ሲጫን ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚስበው ማግኔት) ቫልቩን ይከፍታል፣ በዘንጉ ላይ ባለ ትንሽ ፖምፓ የተጠራቀመው የዘይት ግፊት ፒስተኖችን ይገፋል፣ ሾጣጣው ከቀለበቱ ለቆ ከቤቱ ጋር በተያያዘው የማቆሚያ ቀለበት ላይ ይያዛል። የመሃሉ ማርሽ ስለቆመ የውጩ ከሚገባው ዘንግ ፈጥኖ ይዞራል፤ በኤ ዓይነቱ 0.82 ለ1 ነው። የእርስዎ ዲፈረንሻል 3.7 ከሆነ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3,400 ገደማ ይዞር የነበረው ወደ 2,800 ይወርዳል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ታላቁ ሕግ ኦቨርድራይቩ እንደገባ የኋላ ማርሽ ፈጽሞ አለማስገባት ነው። ያን ጊዜ ባለ ሮለሩ ፍሪሲዮን በሚይዝበት አቅጣጫ ይገፋል፣ የመሃሉ ማርሽም እንደቆመ ስለሆነ አንዱ መሰበሩ አይቀርም። በካምቢዮው ክዳን ላይ ያለው መከልከያ ማብሪያ ይህን ለመከላከል የተቀመጠ ስለሆነ በአቋራጭ ሽቦ አይለፉት። ኦቨርድራይቩ አልወጣ ካለ መኪናዋን በእጅ እንኳ ወደኋላ አይግፏት።

አሁን ወደ ምርመራው። ኤሌክትሪኩን አስቀድሙ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ከፍተው ማርሹን በ4ኛ አድርገው ማብሪያውን ይጫኑ፤ ሶሌኖይዱ ጠንከር ያለ ድምፅ ማሰማት አለበት። የኤ ዓይነቱ ሶሌኖይድ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው፦ አንዱ ለመሳብ ከ15 እስከ 20 አምፔር የሚወስድ፣ ሁለተኛው ከሳበ በኋላ ለመያዝ ብቻ ሁለት አምፔር ገደማ የሚበቃው። ሞተርዎ ሲሞቅ የሚመጣው ችግር ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ መዳብ ሲግል የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ስለሚጨምር፣ የዛገ ምድር ሽቦና ያረጀ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ከቀነሱት በኋላ የሚደርሰው ጉልበት ዘንጉን እስከ መጨረሻ ለመሳብ አይበቃም። አምፔር መለኪያ ያስገቡ። ፍሰቱ ከ15 በላይ ሆኖ ከቆየ ወዲያው ያጥፉት፣ አለዚያ ሶሌኖይዱ ይቃጠላል።

ቀጥሎ ሶሌኖይዱ ቫልቩን የሚከፍትበት ማንሻ ልክ ነው። በማንሻው ላይና በቤቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሶሌኖይዱ ሲስብ ትይዩ ሆነው 3/16 ኢንች ውፍረት ያለው ፒን፣ ማለትም 4.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ያለ ጭንቀት ማስገባት አለባቸው። በውስጥ የሚነሳው የቫልቩ ኳስ መንገድ 1/32 ኢንች ብቻ ስለሆነ በማንሻው ላይ ያለች ትንሽ ልዩነት ወይ ኳሱን ሳታነሳ ትቀራለች፣ ወይ ሳትዘጋው ትተወዋለች። ቫልቩን ራሱን ለማጽዳት በላዩ ያለውን መክደኛ መፍታት ይቻላል፤ በቫልቩ ዘንግ ላይ ያለችው ቀጭን ቀዳዳ በቆሻሻ ስትደፈን ኦቨርድራይቩ አልወጣም ይላል። ከመፍታትዎ በፊት ግን ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ሆኖ ማብሪያውን አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ ያብሩና ያጥፉ፤ በውስጡ የተጠራቀመው ግፊት ከ20 ባር በላይ ስለሚሆን ያልወጣ ግፊት ሰው ይጎዳል።

ዘይቱ ደግሞ ከካምቢዮው ጋር የጋራ ነው። ግጭት የሚቀንስ ቅመም ያለበት ዘይት ሾጣጣው እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ ለናስ ክፍሎች የማይስማማው ጂኤል 5 የሚባለው የማርሽ ዘይትም አይገባም። መመሪያው የሚያዘውን ተራ የማዕድን ዘይት ወይም ጂኤል 4ን ይጠቀሙ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው መዘግየቱ ከቀጠለ በቫልቩ መክደኛ ቦታ የግፊት መለኪያ ይገጠምና በብርድና በሙቅ ይነበባል። በሙቅ ግፊቱ ከወደቀ ፖምፓው፣ የማጠራቀሚያው ፒስተን ቀለበቶች ወይም የኳሱ መቀመጫ አርጅተዋል። መፍታት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ በቲአር ደግሞ ካምቢዮው ከመኪናዋ ውስጥ ወለሉ ላይ ያለው ክዳን ተነስቶ ስለሚወጣ ሞተሩ አይነካም።

ባለ ኤምጂቢ፣ ለንደን

ኤምጂቢ በምትባለው በእኔ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ካምቢዮውን ብቻውን የማውጣት ዕድል የለም። ሞተሩና ካምቢዮው አብረው ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ ከእኛ ወገን ያሉ አንባቢዎች ከመፍታት በፊት ኤሌክትሪኩንና ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ እንዲመረምሩ እለምናለሁ። እስከ 1967 ድረስ ያሉት ዲ ዓይነት ኦቨርድራይቭ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ኤልኤች ዓይነት ነው ያላቸው፤ የማንሻና የፒን ልክ ከላይ የተጻፈው ለኤ ዓይነቱ ስለሆነ ለኤልኤች አይሠራም። ዘይቱም ይለያል፤ የኤምጂቢ ካምቢዮ የሚሞላው በ20ደብሊው50 የሞተር ዘይት ነው።

ከፍሬን ሠሪው ጋር የማልስማማበት አንድ ነጥብ አለ። ጥገናው ይቅደም መባሉ ትክክል ነው፤ አንድ ማሻሻያ ግን ከጥገናው እኩል አጣዳፊ ሆኖ ይታየኛል። የቲአር4ኤ ፍሬን መስመር ነጠላ ነው፤ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ፣ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። አሜሪካ ከጥር 1968 ጀምሮ ለሚሠሩ የቤት መኪናዎች የተከፈለ መስመር ግዴታ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከቲአር4ኤ በኋላ የወጡት ቲአር250 እና ቲአር6 ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ይዘው ስለመጡ ወደ ቲአር4ኤ ለማምጣት መንገዱ የታወቀ ነው። ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ ባለ አራት ፒስተኑን ካሊፐር ትቼ ይህን አደርጋለሁ።

ሌላው፣ ከ2018 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈና ብዙ ያልተለወጡ መኪናዎች በብሪታንያ ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ናቸው። እኔ ግን በፈቃዴ በየዓመቱ አስመረምራለሁ፤ የፍሬን መመርመሪያው ሮለር የግራና የቀኝ ጎማዎቹን ጉልበት በቁጥር ስለሚያሳይ በመንዳት ብቻ የማይታወቀውን ልዩነት ያወጣል።

መካኒኩ፣ አዲስ አበባ

ስለ ቶዮታው ካሊፐር ጥቂት ልጨምር። ለቲአር የሚገጠመው በ1980ዎቹ ባለ አራት ጎማ ነጂ ሂሉክስ ላይ የነበረው ነው፤ ይህ ካሊፐር እዚህ በየጋራዡ የምንፈታው ስለሆነ ጠንካራነቱን እመሰክራለሁ። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። የፒስተኖቹ ጠቅላላ ስፋት ከነባሩ ስለሚበልጥ ከዚያው ማስተር ሲሊንደር ብዙ ዘይት ይፈልጋል፣ ፔዳሉም ይረዝማል፤ ጠያቂው ቀድሞውኑ የሚያማርሩት ደግሞ በረዘመ ፔዳል ነው። ሁለተኛ፣ የፊቱ ጉልበት ሲጨምር የኋላው ድርሻ ያንሳል፤ የፊት ጎማዎች ቀድመው ይታሰራሉ እንጂ መኪናዋ ባጭር ርቀት ትቆማለች ማለት አይደለም። ሦስተኛውና አደገኛው ቱቦው የሚታሰርበት የብሎን ጥርስ ጉዳይ ነው፦ ቶዮታው 10 ሚሊ ሜትር በ1 የሚል ጥርስ አለው፣ የእንግሊዙ ቱቦ 3/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ነው። ዲያሜትራቸው 10 እና 9.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ የያዘ ይመስላል፤ ግፊት ሲመጣ ግን ይነቀላል። የቲአር ነባሮቹ የጊርሊንግ ፋብሪካ ካሊፐሮችም ራሳቸው 16ፒ የሚባለው በኢንች፣ 16ፒቢ የሚባለው በሚሊ ሜትር ስለሆነ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ያንብብ።

ሰርቮ የፍሬን አቅም አይጨምርም፤ የእግርን ድካም ነው የሚቀንሰው። ጉልበቱን የሚያገኘው በውጭው አየርና በሞተሩ መሳቢያ መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ስለሆነ ከፍ ባለ አገር ይደክማል፤ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሾፌር ሁሉ ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን እንደማይወረድ ያውቃል። ኦቨርድራይቭ ላለው መኪናም ሕጉ ያው ነው። እንደገባ ሞተሩ መኪናዋን መያዙን አያቆምም፣ ሆኖም ረጅም ማርሽ ስለሆነ የሚይዝበት ጉልበት ያንሳል፣ የቀረውን ሥራ ፍሬኑ ይሸከማል፣ ዘይቱም ይግላል። ስለዚህ ወደ ቁልቁለቱ ሳይገቡ ኦቨርድራይቩን አውጥተው ወደ 3ኛ ይውረዱ።

ባለ ቲአር፣ ሸፊልድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ከኩሽኔታው ጀመርኩ፤ የግራው የፊት ኩሽኔታ ከሚገባው በላይ ላልቶ ነበር፣ አዲስ ገብቶለታል። የኋላ ታምቡሮቹ ተስተካክለዋል፣ ቱቦዎቹ በሙሉ ተለውጠዋል፣ ዘይቱ አዲስ ዶት 4 ነው። ፔዳሉ አሁን ከኩርባ በኋላም ከመጀመሪያው ርግጫ ይይዛል። ካሊፐሩን ትቼዋለሁ፤ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ሲሊንደሩን ግን ላስገባ ወስኛለሁ።

ኦቨርድራይቩን በተመለከተ ፒኑ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ፍሰቱም ከሳበ በኋላ ወደ ሁለት አምፔር ይወርዳል። የሞቀ ሳለ በሶሌኖይዱ ጫፍ ላይ የለካሁት ቮልት ግን 9 ገደማ ብቻ ሲሆን ባትሪው ላይ 12.6 ነበር። ይህ መዘግየቱን ሊያስከትል ይችላል?

ካምቢዮ ሠሪ፣ በርሚንግሃም

በሚገባ ያስከትላል። የለኩት ሶሌኖይዱ እየሳበ ሳለ ከሆነ ከሦስት ቮልት በላይ በመንገድ እየጠፋ ነው፤ የመሳቢያው ጥቅል ሽቦ ይህን ያህል ሲያጣ ዘንጉን ቀስ ብሎ ነው የሚስበው። ቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ ባትሪው ላይ አድርገው በሌላው ጫፍ በየመገናኛው እየተከተሉ ይሂዱ፦ ፊውዙ፣ የሪሌው መግቢያ፣ የሪሌው መውጫ፣ ከዚያም ከካምቢዮው ቤት እስከ ባትሪው የምድር ጫፍ ያለው መስመር። ካምቢዮው በጎማ ማቆሚያዎች ላይ ስለሚቀመጥ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የምድር ሽቦ ከተበላ ፍሰቱ ሌላ መንገድ የለውም፤ በእነዚህ መኪናዎች ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እዚያ ወይም በሪሌው የተቃጠሉ ነጥቦች ላይ ነው። ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ በሙቅ ከ11 ቮልት በላይ ደርሶ መዘግየቱ ከቀጠለ ብቻ የግፊት መለኪያውን እንገጥማለን፤ ካምቢዮውን ግን እስከዚያ ከቦታው አያንሱት።